መብት ሲገደብ «በየትኛው ሕግ?» ብሎ መጠየቅ እስከ የት ያስኬዳል?

የጮቄ ሥር (ምሥራቅ ጎጃም)

ጤና ይስጥልኝ። የምታውቁ ሰዎች እንድታግዙኝ አንድ ጉዳይ ላቅርብ። የአክስቴ ልጅ ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት በፌስቡክ ገጹ ላይ ጽፎ ነበር። ለማን ስንት ኩንታል እንደ ተሰጠ በግልጽ ይለጠፍልን ይላል፤ ከሥሩም አንድ ኃላፊ ዘመዶቹን አስቀድሟል የሚል ዐረፍተ ነገር አለበት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከገበያ ሲመለስ ተያዘ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ እስካሁን ፍርድ ቤት አልቀረበም።

ቤተሰቡ ሲጠይቅ በተለያየ ቀን ሦስት ዓይነት መልስ ተሰጠው። መጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም ተባልን። ቀጥሎ በዚህ የጸጥታ ሁኔታ መብት የሚባል ነገር ለጊዜው የለም ተባልን። ትናንት ደግሞ አንድ የተማረ የሚመስል ሰው «ሕገ መንግሥቱ ራሱ መብት ገደብ አለው ይላል፤ ሄዳችሁ አንብቡ» አለን።

አነበብሁት። እውነትም ገደብ አለ ይላል። የቸገረኝም ይኸው ነው። መብቱን የጻፈው እጅ ገደቡንም ከጻፈ እኛ ምን ይዘን ነው የምንከራከረው? እናቱ በየቀኑ ስንቅ ይዛ ትመላለሳለች፤ እኔ ግን ከስንቅ ሌላ የሚጠቅም ነገር ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ።

---

ጠበቃ ከደብረ ማርቆስ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያስፈታው። የሚያስቸኩለውን ላስቀድም።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 አውጥተህ አንብብ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከዚህ ላይ የሚቀነሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ በአግባቡ የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ። ቅዳሜ የለበትም፣ እሑድ የለበትም፣ ዓመት በዓልም የለበትም። ዓርብ ከሰዓት የተያዘ ሰው ሰዓቱ እሑድ ከሰዓት ይሞላል።

«አይቆጠርም» የሚለው ልማድ የሚደገፍበትን ነገር ልንገርህ፤ ፊት ለፊት ሊያነሡብህ ይችላሉና። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 29 ስለዚያው 48 ሰዓት ሲናገር የአካባቢው ሁኔታና መገናኛው እንደ ፈቀደ የሚል መላወሻ ሰጥቷል። በዚያ ዘመን ከቆላ ቀበሌ እስከ አውራጃ ከተማ በእግር ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ ከዚያ ሕግ በኋላ መጥቶ መላወሻውን ወደ ጉዞ ጊዜ ብቻ አጥብቦታል፤ አንቀጽ 9 ደግሞ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ማናቸውም ሕግም ሆነ ልማዳዊ አሠራር ተፈጻሚነት የለውም ይላል። ስለዚህ አሮጌውን ሕግ ጠቅሶ አዲሱን ማሸነፍ አይቻልም። እስር ቤቱና ፍርድ ቤቱ አንድ ከተማ ውስጥ ከሆኑ ደግሞ የጉዞ ጊዜ የሚባለውም ከደቂቃዎች አያልፍም።

አሁን የምታደርገው፦ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይቀርባል። መሠረቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 4 እና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 ነው። የታሰረው ሰው ራሱ ማቅረብ ካልቻለ ሌላ ሰው በቃለ መሐላ አስደግፎ ሊያቀርብለት ይችላል። ፍርድ ቤቱ አሳሪውን «ሰውየውን ይዘህ ቅረብ፤ ያሰርህበትንም ምክንያት አስረዳ» ብሎ ያዝዛል። መቼ እንደ ተያዘ፣ የት፣ በማን፣ ቤተሰቡ መቼ መቼ ሄዶ እንደ ጠየቀ ቀንና ሰዓት ጠቅሳችሁ ጻፉ። ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ከሄዳችሁ «በግፍ ታስሮ፣ በደል ደርሶበት» እያለ ገጽ እንዳይሞላላችሁ ንገሩት። ዳኛው የሚፈልገው ሰዓቱን ነው።

ስለ ገደቡ ማታ እመለስበታለሁ።

---

የቡሬ ነጋዴ

ጠበቃው ያሉትን አከብራለሁ፤ ግን መሬት ላይ ያለውን እንነጋገር። እኛ መንገድ ሲዘጋ ስልክ ሲቋረጥ የኖርን ሰዎች ነን። አዋጅ ሲታወጅ ያ ሁሉ አንቀጽ የት ነበር? ወረቀቱ ላይ ያለው ለሰላም ቀን ብቻ ከሆነ፣ ሰው መብቱን የሚፈልገው ደግሞ በክፉ ቀን ከሆነ፣ ምን ያደርግልናል? ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። እናትየዋ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ተመላልሳ ባዶ እጇን እንዳትመለስ ነው የምፈራው።

---

ጠበቃ ከደብረ ማርቆስ

ወንድሜ ነጋዴው ያነሡት ትልቅ ጥያቄ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ራሱ ሕግ ነው እንጂ የሕግ መጥፋት አይደለም። አንቀጽ 93 ለዚህ ሲባል የተጻፈ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲያውጅ፣ የተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ በዕረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ቀርቦለት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መቀበል አለበት። ዕድሜው እስከ 6 ወር ነው፤ ቢራዘም በየ4 ወሩ እንደገና ድምፅ ይሰጥበታል። የክልላችንን፣ የአማራን፣ ታስታውሳላችሁ፦ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ታወጀ፤ ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ስለ ነበር ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ ነሐሴ 8 አጸደቀው፤ ጥር 24 ቀን 2016 ለ4 ወር ተራዘመ፤ ግንቦት 2016 ሲያልቅ ሌላ ማራዘሚያ ሳይጸድቅለት ጊዜው አበቃ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ኃላፊ መብት ለጊዜው የለም ሲል፣ በየትኛው አዋጅ፣ መቼ የጸደቀ፣ እስከ መቼ የሚቆይ ብሎ መጠየቅ የሕግ ጥያቄ ነው። አዋጅ በድምፅ ይወለዳል፣ በቀኑ ይሞታል። በልማድ ዕድሜው አይራዘምም።

አዋጅ በሥራ ላይ ባለበት ጊዜም ቢሆን የማይነኩ አሉ። ንዑስ አንቀጽ 4 በስም ጠቅሷቸዋል፤ ከእነርሱ ውስጥ ለእኛ ጉዳይ የሚበጁት አንቀጽ 18፣ ማለትም ከጭካኔና ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ መጠበቅ፣ እና አንቀጽ 25፣ በሕግ ፊት እኩል መሆን ናቸው። በአዋጅ ዘመንም እስረኛን መደብደብ በኢትዮጵያ ምድር የሚፈቅድ ሕግ የለም።

እዚህ ላይ ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ የኖረ ነገር አለ። በዚያ የማይነኩ መብቶች ዝርዝር ውስጥ በሕይወት የመኖር መብት የለም። አንቀጽ 15 ከዝርዝሩ ወጥቷል። ይህ የሕገ መንግሥቱ ከባድ ጉድለት ነው፤ ሕግ የተማርን ሁሉ ደጋግመን ልንናገረው ይገባል። ክፍተቱን የምንሞላበት በር ግን አለ። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 4 ላይ በማናቸውም አደጋ ጊዜ የሰው ሕይወት በዘፈቀደ ሊጠፋ አይችልም ይላል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 9 ንዑስ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው፣ በአንቀጽ 13 ንዑስ 2 ደግሞ መብቶቹ ከእነዚህ ስምምነቶች ጋር በተጣጣመ መንገድ ይተረጎማሉ ይላል። ሁለቱ ሲገናኙ የመኖር መብት በአዋጅ ጊዜም ይጸናል ብዬ እከራከራለሁ፤ የትም ችሎት ቢሆን።

---

መምህር ከሞጣ

ልጆቼ፣ ታሪክ አስተማሪ ስለሆንሁ ከታሪክ ልጨምር።

እኛ ጎጃሞች ይህን ጥያቄ የጀመርነው ዛሬ አይደለም። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ሞጣና ቢቸና፣ ዳሞትም ጭምር፣ ገበሬው የፈራው ለርስቱ ነበር። መሬት ለክተው ግብር የሚገምቱ ሰዎች ሲመጡ ልኬቱ ርስቱን ለመንጠቅ ነው አለ። መጀመሪያ ያደረገው መሣሪያ ማንሣት አልነበረም፤ አቤት ማለት ነበር። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጥቶ ነበርና በሽማግሌ ላከ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ። ሰሚ ሲያጣ ገማቾቹን አላስገባም አለ። ከዚያ ጦር መጣ፤ አውሮፕላንም መጣ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ።

እኔ ከዚህ የማነበው ሁለት ነገር ነው። ግብር መክፈል የዜግነት ግዴታ ነው፤ መንግሥት በሕግ ንብረትህን ሊቀንስ ይችላል። ገበሬው ግን በሕግ የመጣውን ነገር ዓላማውን ማንም ሳያስረዳው፣ ቅሬታውንም ማንም ሳይሰማው ሲቀር ሕግነቱ ጠፋበት። አባቶቻችን «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ» የሚሉት ለዚህ ነው። በቅሎዋ ትበልጣለች። ያንገበግብ የነበረው ግን ጭብጦዋ የሄደችበት መንገድ ነው።

የተከበሩ ነጋዴ፣ ወረቀቱ ምን ይሠራል ላሉት፣ በ1960 ገበሬው የያዘው አቤቱታ የማቅረብን መብት ነበር፤ አቤቱታው ሲናቅ በተግባር የሚሄድበት ሌላ በር አላገኘም። ዛሬ አሳሪውን አስጠርቶ የሚጠይቅ ችሎት በሕግ ተጽፏል። ያንን በር ማንኳኳት ካቆምን በሩ የሚዘጋው በእኛ ነው።

---

ከፖሊስ ቤት የወጣሁ (ፍኖተ ሰላም)

ለረጅም ዓመት በፖሊስነት አገልግያለሁ፤ ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። እዚህ የሚጻፈውን ሁሉ አነበብሁ። አብዛኛው ትክክል ነው፤ ግን ፖሊሱ ዘንድ ያለውንም ስሙ።

እጅ ከፍንጅ የሚያዝ ሌባ አለ፣ ሰው ገድሎ ጓዳ የሚገባ አለ። እንዲህ ያለውን ተከታትለህ ቤት ስትገባ ማዘዣ እስኪመጣ ብትጠብቅ ሰውየው ጎረቤት ወረዳ ይገባል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 32 ይህን ተረድቶ ያለ ማዘዣ መግባት ፈቅዷል። ያ ገደብ ባይኖር የተገደለው ሰው ቤተሰብ መብት የት ይገኝ ነበር? ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብት ሊገደብ የሚችልበትን ምክንያት ቆጥሯል፤ የአገር ደኅንነት፣ የሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን መከላከል፣ ጤና፣ የሕዝብ ሞራል፣ የሌሎች ሰዎች መብት። ከዚያም ላይ ገደቡ አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ ሲደነገግ ብቻ ነው ይላል።

አንቀጽ 32 ከፈቀደው ውጭ ግን ማዘዣ ያስፈልጋል። ማዘዣ ይዞም ቢሆን ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካልፈቀደ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ አንቀጽ 33 ነው። ወጣት ባልደረቦቼን ሳስተምር ይህን አንቀጽ በቃል አስይዛቸው ነበር። ሌሊት በር የሚደበድብ ሰው ሌባ ይሁን ሕግ አስከባሪ ባለቤቱ በምን ያውቃል? በገጠር ደግሞ ሰው መሣሪያ አለው። ሰዓቱ የተወሰነው ፖሊሱንም ከሞት ለማዳን ነው።

ስለ 48 ሰዓቱ፣ መኪና የለም፣ ነዳጅ የለም፣ ዳኛ የለም የሚባለውን ችግር አውቃለሁ። እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱ ችግር ነው፤ ዕዳው በታሳሪው ላይ መጻፍ የለበትም።

---

እመቤት ከደምበጫ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ከፖሊስ ቤት እንዲህ ሲነገር መስማት ደስ ይላል።

እኔ ስለ ገደብ ከመሬት አንጻር ልናገር፤ አብዛኞቻችን ገበሬዎች ነንና። አንቀጽ 40 የንብረት መብት ሰጥቶ እዚያው ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ይገድባል። ባለቤቴ ሲሞት ወንድሞቹ ማሳውን ሊሸጡብኝ ሲስማሙ ያዳነኝ ይህ ገደብ ነው። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የእኔም ስም፣ የእኔም ፎቶግራፍ አለ። እናቴ ግን በስሟ አንዳች አልነበራትም። ስለዚህ ገደብ ሁሉ ጠላት አይደለም፤ አንዳንዱ ደካማውን የሚጠብቅ ነው።

ደግሞ መንግሥት ለመንገድ ወይም ለፋብሪካ መሬቱን ሲፈልግ ሊወስድ ይችላል፤ ያም ገደብ ነው። ነገር ግን ያው አንቀጽ በንዑስ 8 ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ተከፍሎ ይላል። በቅድሚያ! በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሬቱ በቋሚነት ለሚወሰድበት ገበሬ ካሳውን ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ የዓመት ገቢ 15 እጥፍ አድርጎ አስቀምጦት ነበር። ጎረቤቶቼ ይህን ሳያውቁ ግምት ወረቀት ላይ ሲፈርሙ አይቻለሁ። መሬትን በሚመለከት ማንኛውም ሰው ሳያነብ እንዳይፈርም፣ ማንበብ የማይችልም ልጁን ይዞ እንዲሄድ እለምናለሁ።

ለእኔ ገደብ ማለት በሽማግሌ ፊት የተተከለ የወሰን ድንጋይ ነው። ሌሊት ገፍቶ የተከለው ሰው ግን ወሰኔ ነው ሊል አይችልም።

---

የሕግ ተማሪ (ባሕር ዳር)

አንድ አጭር ጥያቄ። ሰላማዊ ሰልፍ ለማድረግ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይስ ማሳወቅ ብቻ?

---

ጠበቃ ከደብረ ማርቆስ

ማሳወቅ ነው። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ይላል። አስተዳደሩ ምክንያቱን ጽፎ ሌላ ቦታ ወይም ሌላ ጊዜ ይሁን ሊል ይችላል፤ ጭራሽ አታድርጉ ሊል ግን ሕጉ አይፈቅድለትም። አንቀጽ 30 የሚጠብቀውም መሣሪያ ያልያዘን ሰላማዊ ሰልፍ ነው።

አሁን ወደ ተያዘው ልጅ ጽሑፍ። አንቀጽ 29 ሐሳብን ስለ መግለጽ ሲናገር ገደቡን አስገራሚ በሆነ ጥንቃቄ ነው ያስቀመጠው። ገደብ የሚጣለው በሕግ ነው፤ ያ ሕግ ደግሞ የሐሳቡን ይዘትና ሐሳቡ ሊያስከትል የሚችለውን ውጤት ምክንያት አድርጎ መከልከል አይችልም። የሚጠብቃቸው የወጣቶችን ደኅንነትና የሰዎችን ክብርና መልካም ስም ነው፤ የጦርነት ቅስቀሳንና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ አደባባይ ንግግርንም ይከለክላል። ኃላፊን መውቀስ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

የጥላቻ ንግግር ነው ሊሏችሁ ይችላሉ። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 የጥላቻ ንግግር የሚለው ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳትን መሠረት አድርጎ ጥላቻን፣ አድሎን ወይም ጥቃትን ሆን ብሎ የሚያነሣሣ ንግግርን ነው። ማዳበሪያ ብሔር አይደለም። ሐሰተኛ መረጃ ካሉ ደግሞ፣ ጸሐፊው ሐሰት መሆኑን ማወቁን ወይም እውነትነቱን ለማረጋገጥ በቂ ጥረት አለማድረጉን ማስረዳት የከሳሹ ሸክም ነው፤ ቅጣቱም በመደበኛው እስከ 1 ዓመት፣ ተከታዩ ከ5,000 በላይ በሆነ ገጽ ከተሠራጨ እስከ 3 ዓመት ነው። ለዚህ ዓይነት ወንጀል ዋስትና በሕግ አይከለከልም። ስም ማጥፋት ካሉም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 የተበዳዩን የግል አቤቱታ ይጠይቃል፤ ኃላፊው ራሱ አመልክቷል ወይ?

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር፤ «ዘመዶቹን አስቀድሟል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ማስረጃ ይፈልጋል። ልጁ የስም ዝርዝር ካለው ያቅርብ። ከሌለው «ይገለጽልን» የሚለው ጥያቄው ብቻውን በቂ ኃይል ነበረው። አንቀጽ 29 ንዑስ 7 ገደቡን የተላለፈ ሰው በሕግ ይጠየቃል ይላል፤ የሌላውም ሰው ስም የሰው ስም ነው። ይህ ግን በችሎት የሚታይ ነገር ነው፤ ያለ ችሎት ለማሰር ምክንያት አይሆንም።

---

የቡሬ ነጋዴ

ተቀብያለሁ። የቃለ መሐላውንና የጠበቃውን ወጪ እኔ እችላለሁ። የጮቄ ሥር፣ በግል መልእክት አግኘኝ።

---

የጮቄ ሥር (ምሥራቅ ጎጃም)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ነጋዴው ወንድማችንም ቤትዎ ይባረክ።

አቤቱታውን ሰዓቱን ብቻ ቆጥረን አዘጋጀን። የምናስገባ መሆኑን ስንናገር ነገሩ ተቀየረ፤ ረቡዕ ጠዋት ልጁ በወረዳው ፍርድ ቤት ቀረበ። ፖሊስ ለምርመራ 14 ቀን ጊዜ ቀጠሮ ጠየቀ። ልጁ ተነሥቶ ከዓርብ ጀምሮ መታሰሩን፣ ጽሑፉም በገጹ ላይ እንዳለና ሊጠፋ የሚችል ማስረጃ እንደሌለ ተናገረ። ዳኛዋ መዝገቡን አገላብጠው 48 ሰዓት ማለፉን በመዝገቡ አጻፉ፣ በዋስ እንዲወጣም አዘዙ። ማምሻውን ቤቱ ገብቷል። ክስ ይመሠረት አይመሠረት ገና አልታወቀም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ልጁ ጽሑፉን ከገጹ ያጥፋው ወይስ ይተወው?

---

ጠበቃ ከደብረ ማርቆስ

እንኳን ደስ አላችሁ። ጽሑፉን አያጥፋው፤ ምርመራ ላይ ያለ ነገር ነውና ማስረጃ አጠፋ እንዳይባል። ስለ ዘመዶቹ የተናገረውን የሚደግፍ ዝርዝር ካለው ግልባጩን ለእኔ ይላክልኝ፤ ከሌለው በዚያ ጉዳይ ላይ ሌላ ነገር አይጻፍ። ነገ ጠዋት ደግሞ ሬጅስትራር ዘንድ ሄዳችሁ የትእዛዙን ግልባጭ በማኅተም አውጡ። ዳኛዋ ሰዓቱ ማለፉን ያጻፉበት ገጽ መኖሩን ሳታረጋግጡ እንዳትወጡ፤ ክስ ከመጣ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ እርሱን ነው።